ከላይ የተፈቀደላቸው ሰው

እማማ ደብሪቱ፣ እዚህ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አረፍ ይበሉ። ቀስ ብለው... እንዲህ። ነጠላዎን ልያዝልዎት? ለጉርድ ፎቶ ነጠላው ከራስ ላይ ይወርዳል፤ ጆሮ ካልታየ ቀበሌ ላይ አንቀበልም ይላሉ። ጆሮ። ጆሮ! ... አዎ። የሚሰማ ይሁን የማይሰማ አይጠይቁም፣ መታየቱን ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ከፊታችን ሁለት ሰው አለ። ያቺ አልበም የምትመርጠዋ ሙሽራ፣ ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ ያ ከረባት ያሰረው ልጅ። አይዞዎት፣ ጥሩ ቤት ነው የመጣነው። ከዶሮ ማነቂያ እስከዚህ ያን ሁሉ ዳገት በከንቱ አላስወጣኋችሁም፣ እርስዎንም ጉልበትዎንም። ፒያሳ ያ ሁሉ ቤት ሲፈርስ ይህ ፎቶ ቤት ንክች ሳይል ቀረ። አንዳንድ ቤት ሁሉም ሲወድቅ እሱ አይወድቅም... ዕድል ነው። ባለቤቱን አዩዋቸው፣ ባንኮኒው ኋላ የቆሙትን? ሰደርያው እንዴት ያምርባቸዋል! እንደምን ዋላችሁ ብለዋል። እግዜር ይመስገን ብዬልዎታለሁ።

ጮህኩ መሰለኝ። ሁሉም ዞር አሉ... እማማ፣ እኔን ያውቁኛል። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ስምንተኛ ክፍል ስሜ ሲጠራ አቤት ማለት እያቃተኝ፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ስንት ቀን ቀሪ ተብዬ ተጽፎብኛል። ዛሬ ግን ምን ላድርግ? በቀስታ ባወራዎት አይሰሙኝ። ስለዚህ ቤቱ ሁሉ ቢሰማ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የጆሮዎ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

አባቴ? ደህና ነው። ቤት ነው ያለው። አዎ፣ በሥራ ቀን ቤት ነው። አልነገርንዎትም እንዴ? ታግዶ ነው። ታግዶ! ... ኧረ አልታመመም፣ ከሥራ ነው የታገደው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልቱን የጠበቀ ሰው። ጠዋት ሲገባ ቀና ብሎ ሐውልቱ መኖሩን ሳያይ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም ነበር፤ የት ሊሄድ እንደሚችል እንጃ። አሁንም ጠዋት ተነሥቶ የደንብ ልብሱን ይለብስና ግቢያችን በር ላይ ይቆማል። የግቢውን የውሃ ሮቶ ይጠብቃል። ሮቶው ጥሩ ዘበኛ አግኝቷል።

በምን ምክንያት ይላሉ? በድሮን። ድሮን! ... ዶሮ አይደለም እማማ፣ ድሮን። ... ኧረ ድሮም አይደለም፣ ዘንድሮ ነው፣ ባለፈው ጥር! ድ...ሮን። ይቺ እንደ ጢንዚዛ እየጮኸች ከላይ ሆና የምትቀርጸው። በሠርግ ጊዜ አናታችን ላይ የምትዞረው። አዎ፣ እሷ። እሷ ሐውልት አካባቢ ክልክል ናት። ሐውልት፣ ቤተ መንግሥት፣ ጦር ሰፈር... እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ አታብሩ ተብሏል። ለምን እንደሆነ እኔ ያልተማርኩ ልጅ አላውቅም። አባቴ ግን፣ "እዚህ ስማቸው እንኳ ሳይታወቅ ላለቁ ሰዎች ነው ድንጋይ የቆመው። እኔ እንኳ እዚህ ሳስል አፌን ይዤ ነው" ይላል።

ምልክትም በሩ ላይ ተለጥፏል። ሥዕሉ ግን... አራት እግር ያላት ነገር ተሥላ በቀይ ተሰርዛለች። አባቴ መጀመሪያ ያየ ቀን ሸረሪት መሰለችው። "ልጄ፣ ሸረሪትም ተከለከለ" ብሎኝ ሳምንቱን ሙሉ የጥበቃ ቤቷን ድር ሲጠርግ ከረመ። ይሳቁ፣ ይሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ሲያስረዱት ግን ወዲያው ገባው። አባቴ በዚህ ሁሉ ዓመት ያልገባው አንድ ቃል ብቻ ነው። እሱን ተራችን እስኪደርስ አጫውትዎታለሁ።

አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠራም። ሰው ማማት ኃጢአት ነው፤ ደግሞስ እኚያን ሰው ማን ያማቸዋል? እኔ ማመስገን ነው የምፈልገው። ሥራቸው ፎቶ ማንሳት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶ አንሺ ሞልቷል፣ ስለዚህ ማንም ይሁኑ ማን... ኧረ እማማ፣ ወደ ባንኮኒው አይጠቁሙ! ነውር ነው። እዚህ ያሉትን ጋሼን አላልኩም። እሳቸው ሥራቸው ላይ ናቸው። የእኔ ሰውዬ ሌላ ናቸው። እንዲያውም እንደ እሳቸው መነጽር አያደርጉም... ያን ቀን አላደረጉም።

እኚያ ሰው በጥር አንድ እሑድ ሙሽሮች ይዘው ወደ ሐውልቱ መጡ። የሙሽራዋን ቬሎ ከታች፣ የሐውልቱን ጫፍ ከላይ አድርገው ሊቀርጹ አስበው ነው። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው! ሌላው ሰው ያን ሐውልት ሲያይ የተገደለ ሰው ይታየዋል፤ እሳቸው ቬሎ ይታያቸዋል። ይህ ተሰጥዖ ነው፣ በትምህርት አይገኝም። እኔ በበኩሌ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ፈልጌ አላገኘሁትም።

አባቴ በሩ ላይ ነበር። እኔ ምሳውን ይዤለት ሄጄ አጠገቡ ነበርኩ። ድሮኗ ከሻንጣ ስትወጣ ሲያይ ጠጋ ብሎ፣ "ጌታዬ፣ ይቺ እዚህ ክልክል ናት፣ ፈቃድ አለዎት?" አላቸው። ልብ ይበሉ እማማ፣ ጠይቋል። እሳቸው ምን ቢመልሱለት ጥሩ ነው? በአንድ እጃቸው በካሜራ እየቀረጹ በሌላኛው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ "አባባ፣ ከላይ ተፈቅዷል!" አሉት።

ከላይ። ... ከላይ ነው ያልኩት፣ ከላሊበላ አይደለም። ከ...ላይ!

እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። በዚህ አገር ከላይ ተፈቅዷል የተባለ ዘበኛ ምን ይላል? አባቴ ይህን ቃል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰምቶታል። በሩ ከላይ ታዟል ተብሎ ይዘጋል፣ ከላይ ታዟል ተብሎ ይከፈታል። ወንበሩን እንኳ ከላይ ታዟል ብለው ወስደውበት ሁለት ክረምት ቆሞ አሳልፏል። ከላይ ያለው ማን ነው ብሎ ግን ጠይቆ አያውቅም። ማንስ ይጠይቃል? እርስዎ፣ ሰዎቹ ከላይ ታዟል ብለው ቤትዎን ሊለኩ ሜትር ይዘው የመጡ ጊዜ ጠየቁ? ... አዩ። አባቴም እንደ እርስዎ ነው። ጣታቸውን ተከትሎ ወደ ላይ አየ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጣቸው። ለእሳቸው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሰማዕታት የሰጠውን ሰላምታ።

ድሮኗ ወጣች። አምሮባት ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ ነፋሱ ይሁን ባትሪዋ እንጃ፣ ተንገዳገደችና ሐውልቱ ደረጃ ላይ፣ ሰው አበባ ያስቀመጠበት ላይ ዱብ! ሁለት እግሯ ተሰበረ። እኔ ደንግጬ ምሳ ዕቃው ከእጄ ወደቀ። እኚያ ሰው ግን አልደነገጡም። ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ ሳትጨርስ እሳቸው መኪና ውስጥ ነበሩ። በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ የሚሮጡ ሰው ለአገር ሜዳልያ ማምጣት ሲገባቸው ፎቶ ቤት ውስጥ መቅረታቸው አያሳዝንም? ድሮኗን እንኳ አላነሷትም። ደግነቱ ማስታወቂያ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ሆዷ ላይ የፎቶ ቤታቸው ስልክ ተለጥፎ ነበርና ለማግኘት አላስቸገሩም።

ፖሊስ ጣቢያ ተጠርተው ቀረቡ። "ዘበኛው እያየ ነው ያበረርኩት፣ ክልክል ቢሆን ለምን አልከለከለኝም?" አሉ። "ከላይ ተፈቅዷል ብለውኛል ነው የሚለው" ሲባሉ... ይህን ይስሙልኝ እማማ፣ ጠጋ ይበሉ... "ከላይ ማለቴ እግዚአብሔርን ነው፤ እኔ ያለ እሱ ፈቃድ ምንም አልሠራም" አሉ።

እግዚአብሔርን!

እንዴት ያለ እምነት ነው እማማ? እኛ ስንት ዓመት ጊዮርጊስ ደጅ ቆመን ለምነን መልስ ያላገኘን ሰዎች፣ እሳቸው የድሮን ፈቃድ በአንድ እሑድ ተጨርሶላቸዋል። ማኅተሙን አሳዩ ያላቸውም የለም። ማን ይላል? እግዚአብሔርን ለምስክርነት በመጥሪያ የሚያስቀርብ መርማሪ የት ይገኛል? አባቴን መጥራት ነው የሚቀለው። አድራሻው ይታወቃል፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሮቶው ጋ።

እና እሳቸው ተመክረው ተለቀቁ። ምክር የሚሰማ ሰው ደስ ይላል። አባቴ ደግሞ ወረቀት ተሰጠው። እኔ ነኝ ያነበብኩለት። "ያልተፈቀደ በረራ በቸልተኝነት በማስተናገድ" ይላል። ሦስቴ አስነበበኝ። "ማስተናገድ ምንድን ነው?" አለኝ። እንግዳ መቀበል ነው አልኩት። "እንግዳ መቀበልም ተከለከለ?" አለኝ። ... እንደ ሸረሪቷ ጊዜ ልስቅ ፈልጌ ነበር። አልመጣልኝም።

ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት የጥበቃ ድርጅቱ ቢሮ ይቀርባል። ወይ ይመለሳል፣ ወይ ይሰናበታል። ለጡረታው አንድ ዓመት ነው የቀረው። እሱ ግን ስለ ጡረታው አይደለም የሚያወራው፤ የሚያወራው ስለ የካቲት አሥራ ሁለት ነው። ሰኞ አልፎ ሐሙስ ማለት ነው፣ አበባ የሚቀመጥበት ቀን። በየዓመቱ በዋዜማው ጫማውን ራሱ ይጠርጋል፣ ለእኔ እንኳ አይሰጠኝም። "በዚያ ቀን በሩ ላይ የማያውቃቸው ሰው ቢቆም ሰማዕታቱ ምን ይሉኛል?" ይለኛል። እስቲ ምን ልበለው?

ምስክር ካለህ አምጣ ብለውታል። እኔ ነበርኩ ብዬ ሄድኩ። ልጁ ነሽ፣ አይሆንም አሉኝ። ሙሽሮቹ ደግሞ ከአገር ወጥተዋል። ስለዚህ የቀሩት አንድ ሰው ናቸው። የሚፈለግባቸውም ቀላል ነው፤ "ዘበኛው ፈቃድ ጠይቆኛል፣ እኔም ከላይ ተፈቅዷል ብዬዋለሁ" ማለት ብቻ። ለምን እንዲያ እንዳሉት እንኳ አይናገሩ። እሱን ለእግዚአብሔር ይንገሩት፣ ቅርብ ናቸውና።

አይመጡም ይላሉ? እንዴት አይመጡም እማማ! ልባቸው እኮ ለአባቴ በጣም አዝኗል። በራቸው ላይ ሶፍትና ማስቲካ የምትሸጠዋ አስማ ናት የነገረችኝ። "ሽማግሌው ያሳዝኑኛል። ሌላ ሥራ ሲፈልጉ ጉርድ ፎቶ በነጻ አነሳቸዋለሁ" ብለዋል አሉ። ይህን የመሰለ ቸርነት ሰምተው ያውቃሉ? መጀመሪያ ሥራ ፈላጊ ያደርጋሉ፣ ቀጥለው ጉርድ ፎቶ ያነሳሉ። ሰውን ጀምሮ የማይተው ሰው ይሏል እንዲህ ነው።

እኔም ፎቶ ቤታቸው ሄጄ ነበር። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆሜ አፌ አልከፈት አለኝና ተመለስኩ። በማግስቱ ደግሜ ሄድኩ። አዩኝና፣ "ፎቶ ነው?" አሉኝ። አይደለም አልኩ። "እንግዲያው ከበሩ ዞር በይ፣ ብርሃን ትከልያለሽ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ብርሃን የሚያውቅ ሰው ብርሃን ሲከለከል ያመዋል፤ አባቴ ከሥራው በቀር ምን ተከለከለ? ... ስለዚህ ዛሬ ፎቶ የሚነሳ ሰው ይዤ... ማለቴ ዛሬ እርስዎን ይዤ ወጣሁ። ወደዚህ ወደ ሌላኛው ፎቶ ቤት።

ከባንኮኒው በላይ ያለው ቴሌቪዥን ይታይዎታል? ሠርግ ነው የሚያሳየው። ቆንጆ ሠርግ። ያውልዎት ቬሎው... ከኋላው ረጅም ድንጋይ... የት ይሆን? እንጃ፣ ሐውልት ሁሉ ይመሳሰላል። አሁን ደግሞ ይመልከቱ፣ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሲሰጥ። ሙዚቃው እዚህ ላይ ከፍ ይላል። አባቴን ይመስላል? ... ይመስላል አይደል? ኮቱ እንኳ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል፣ እሰፋልሃለሁ ብዬ ሳልሰፋለት እንደቀረሁት። ግን እንዴት እሱ ይሆናል? አባቴ እኮ በቸልተኝነት የቆመ ሰው ነው፣ በወረቀት ተጽፏል። ይህ ዘበኛ ደግሞ ነቅቶ፣ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ሙሽራዋ ምን አለች? "ዘበኛው ሲያምሩ!" አለች። አዎ እህቴ፣ ቪዲዮ ላይ ያምራል።

ጋሼ፣ ምነው አጠፉት? ለእማማ እያሳየኋቸው ነበር... እሺ፣ ለመብራቱ ብለው ነው። ግድ የለም።

እማማ፣ ጠፋብኝ ብለው አይዘኑ። በስልክም አለ። ሠርጉ እንዴት እንደተቀረጸ ሰው ይይልን ብለው ለማስታወቂያ የለቀቁት። ትናንት ነው ያየሁት። እዚያኛው ላይ ሙዚቃ አልጨመሩበትም። ድምፅ ነው ያለው። አባቴ "ፈቃድ አለዎት?" ሲል ይሰማል። ከዚያ አንድ ጥርት ያለ፣ የተከበረ ሰው ድምፅ ይመልስለታል። ጣትም ይታያል፣ ወፍራም የወርቅ ቀለበት ያደረገ... ኧረ የጋሼን እጅ አይመልከቱ እማማ! ቀለበት ያለው ሰው ስንት አለ። ጋሼ ደግሞ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተዋል፣ በርዷቸው ነው።

ይህንኑ ቪዲዮ ስድስት ኪሎ ኮፒ ቤት የምትሠራው ካሚላ በፍላሽ ገልብጣልኛለች። ሁለት ፍላሽ ላይ። "አንዱ ይጠፋል" አለችኝ። እኔ ስለ እንዲህ ያለ ነገር ምን አውቃለሁ? ዛሬ ጠዋት ለአባቴ አሳየሁት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። "ሰኞ ይዘኸው ግባ" ስለው፣ "ቆይ ልጄ፣ ሰውየው ራሱ መጥቶ ቢናገር ይሻለዋል፤ አናዋርደው" አለኝ። አባቴ እንዲህ ነው። እግዚአብሔርን ጠርቶ ላሳገደው ሰው ክብር ይጨነቃል። እሺ አልኩት። ስለዚህ ፍላሹ ሰኞ እስከ ሦስት ሰዓት ኪሴ ውስጥ ይቀመጣል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን እኔ ለኪሴ ኃላፊነት አልወስድም... ቀዳዳ ነው።

ውይ፣ ደረሰን! ያ ልጅ ተራውን ለቆልናል፣ ተባረክ የእኔ ወንድም። ይነሱ እማማ፣ በርጩማው ላይ። ቀና ይበሉ። ጆሮዎን ገለጥ... እንዲያ። አይርገብገቡ። ... ምነው ጋሼ? ብዥ አለ? የእማማ ጥፋት አይደለም፣ እሳቸው እንደ ሐውልት ነው የተቀመጡት። የተንቀጠቀጠው ካሜራው ይሆናል። ይድገሙት፣ እኛ አንቸኩልም። እኔም ዞር ብያለሁ፣ ብርሃን እንዳልከልል።

ይኸው ደረሰ! እማማ፣ እንዴት አምረው ወጡ! ጆሮዎ ሁለቱም ጥርት ብለው ይታያሉ። ዛሬ እዚህ ቤት ውስጥ እንደ እርስዎ ጆሮ የሠራ ጆሮ የለም። ነጠላዎን ልድረብልዎት፣ ይደገፉኝ፣ እንሂድ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። መመረቁ የእማማ ነበር፣ ግን ደክሟቸዋል፤ ከፈቀዱልኝ እኔ ልመርቅዎት። ስሜ ጸሎት ነው። አባቴ ነው ያወጣልኝ፣ ዘበኛው አርአያ። ጸሎት ደግሞ ክልክል የሆነበት ሰማይ የለም አሉ፣ በሐውልትም ላይ በቤተ መንግሥትም ላይ ያለ ፈቃድ ያልፋል። ... እጅዎ ይባረክ። ከፍ ከፍ ይበሉ፣ ወጥተው አይውደቁ። ሰኞ በሦስት ሰዓት የትም ይሁኑ የት፣ ያ ሁልጊዜ ፈቃድ የሚሰጥዎት፣ ያ ከላይ ሆኖ የሚያይዎት ዓይን፣ ከእርስዎ ላይ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አይነሣ።

አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ... ጮክ ብለው፤ እማማ አልሰሙዎትም።